እንትን

ናይሜኸን፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንደ ልማዷ ዝናብ፤
ብስክሌቴን አስሬ ገባሁ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርጥብ።
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣
ለሰዓት ወሬ አሥር ዩሮ የምትከፍል።
«ወሬኛ!» እያለ ያሳደገኝ አባቴ
ምነው ባየ፣ ደመወዝ ሲበላ አንደበቴ።

ማሬይከ አገጬን ፕላስቲክ መደገፊያ ላይ አስቀመጠች፤
የዓይኔን ብሌን የሚከተል ካሜራ ከፈተች።
«ሥዕል ታያለህ፤ ያየኸውን በቋንቋህ ተናገር፣
ሳትቸኩል፣ ሳትዘገይም።»
ውሻ መጣ። ፖስተኛ። ጥርስ።
«ውሻው ፖስተኛውን...» አልኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣
«ነከሰው።»

የእነሱ ግሥ ቶሎ ገብቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤
የእኛው እንደ ትልቅ ሰው፣ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ይመጣል።
ነከሰው ይሁን ላሰው፣ ወይስ ጭራውን ቆላለት፣
ፖስተኛው እስከ አራት ነጥቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል በፍርሃት።
«አል» የምትል ቁራጭ ድምፅ ከፊቱ ብትቀድም
ሰውየው ደብዳቤውን አድርሶ ይሄዳል፤ አልነከሰውም።

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ቀይ ነጠብጣብ፤ የዓይኔ ኮቴ።
አፌ ገና ሳይከፈት ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር፣
ከዚያ ወደ ውሻው፣ ከዚያ ወደ ሰውየው ቦርሳ።
አንድ ሰከንድ ተኩል።
በዚያች ሰከንድ ተኩል ውስጥ ስንቱ ጓዳ ይሠራል!
አንዱ ቃል ያወርዳል፣ አንዱ ይደረድራል፣
አንዱ ጾታና ቁጥር ለክቶ ይሰፋል፤
እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ የወጣውን እቀበልና
«ተናገርኩ» እላለሁ፣ እንደ ባለቤት።

ሠላሳ ሰባተኛው ሥዕል፦ ገበሬ፣ ገለባ፣ ባለ ጣት እንጨት።
ስሙ ጠፋኝ። «ገበሬው በ... በእንትን...»
ማሬይከ መቅጃውን አቆመች። «እንትን ምንድን ነው?»
ቃሉ እስኪደርስ ወንበር የሚይዝለት ሰው ነው፣ አልኳት።
እኛ ዘንድ «እንትኑን እንትን አድርገህ ለእንትና ስጠው»
ብትይ፣ ይደርሳል።
(መንሽ! ማታ ጥርሴን ስፍቅ መጣልኝ፣ ሳልጠራው።)

«አንዱን ስም ልትል ሌላ ብለህስ ታውቃለህ?»
ይህንን ቅጹ ላይ ነበር የሚጠይቀው።
አንትወርፕ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሚያዝያ፤
የወንድሜ የናሁሰናይ ሰርግ፣ ሚዜው እኔ፣ ብርጭቆ በእጄ።
ንግግሬን ባቡር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፦
«ለወንድሜና ለትርሲት...»
የወጣው «ትዕግሥት» ነበር።
ጥላው የሄደችው። አምስት ዓመት በእኛ ቤት የተጠራችው።
አዳራሹ ውስጥ አንድ ማንኪያ ወደቀ፤
ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ስልኬን አያነሣም።

ማሬይከ ሰማችኝ። «በአንድ ፊደል የሚነሡ ስሞች
በር ላይ ይጋፋሉ፤ የለመደው ይቀድማል» አለች፣
«ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል»፤ ቁጥር ጻፈችለት።
ይህንኑ በወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣
እንድትሰጠኝ ልጠይቃት አሰብኩ። አፈርኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ከባቡሩ ጎን በተንጠለጠለው ድልድይ
ብስክሌቴን ገፋሁ። ከሥር ዋል፣ አሸዋ የጫነ ጀልባ።
ዓረፍተ ነገሩን ከጫፉ ጀምሬ ገነባሁት፦
«ይቅር በለኝ» መጨረሻ፣ ምክንያቱ መሐል፣ ስሙ መነሻ።
ደወልኩ። አነሣው።
ሁሉም ተናደ።
«ናሁ... የዚያን ቀን... እንትን...»

ዝም አለ። ከሰከንድ ተኩል በላይ፤ ጀልባው አለፈ።
«እንትኑን ተወው» አለኝ። ቀጠለና፦
«ትርሲት እኮ አንተን በዚያ ነገር...»
የአርነም ባቡር መጣ። ግሡን ብረቱ በላው።
ይቅር አለችኝ? አላለችኝም?
ፖስተኛው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ሄሎ? ሰማኸኝ?»
«አል...» ብዬ ጀመርኩ፣
ከአፌ ደጃፍ መለስኳትና
«ሰማሁ» አልኩት።